ስለ ቫዮሊን ሠሪነት
በገዘር ከተማ ለሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር

ከእናንተ ከተማሪዎች የደረሰኝ ጥያቄ «አንድ ሰው ቫዮሊን መሥራትን ተምሮ በዚያው ሙያ እንጀራውን ሊበላ ይችላልን?» የሚል ነው። ዘፋኝ ወይም ደርዳሪ ለመሆን የሚመኝ ወጣት በየአገሩ ሞልቷል፤ ደርዳሪው የሚይዘውን ዕቃ በገዛ እጁ አበጅቶ፣ ስሙን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ሆድ ውስጥ ማንም በማያየው ስፍራ ለጥፎ፣ ጭብጨባውን ሌላው ሲቀበል እየሰማ ደስ የሚለው ሰው ለመሆን የሚመኝ ግን ጥቂት ነውና ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም። ስለዚህ የሚያስደስተውንም የሚያስቸግረውንም ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

አስቀድሞ ቫዮሊን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ የሆዱ ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ፣ ነገር ግን 70 ያህል ቁራጮች የተጋጠሙበት ዕቃ ነው። ፊቱ ስፕሩስ ከሚባለው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ ከሆነው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ይሠራል፤ ጀርባው፣ ጎኑና አንገቱ ከሜፕል፣ ጣት የሚወርድበት ጥቁር ሰሌዳ ደግሞ ከዞጲ ነው። ፊቱና ጀርባው ጎበጥ ብለው ሲታዩ ብዙ ሰው በእሳት የተለመጡ ይመስለዋል፤ እነርሱ ግን ከወፍራም ሳንቃ በመሮ ተጠርበው፣ በትንሽ መላጊያ ተልገው፣ በመጨረሻም በስለታም ብረት ተፍቀው፣ ፊቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ድረስ ከእንጨት ሆድ የሚወጡ ናቸው። በሙቀት የሚለመጡት ጎኖቹ ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚያም ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና በጋለ ብረት ላይ ሲታጠፉ እጁ የቸኮለ ሰው ይሰብራቸዋል። በዚህ በሳሳ ሰውነት ላይ የተወጠሩት አራት አውታሮች በድምሩ ከ20 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ይስባሉ። ይህን ጭነት ተሸክሞ ሳይሰበር፣ ነገር ግን እንደ ሕያው ፍጥረት እየተንቀጠቀጠ እንዲኖር ማድረግ የሠሪው ጥበብ ነው።

የድምፁም ምሥጢር እንዲህ ነው። በደጋኑ ላይ የተወጠረው፣ በሙጫ የታሸው የፈረስ ጭራ አውታሩን ይዞ ይስበዋል፣ አውታሩ ያመልጠዋል፣ እንደ ገና ይይዘዋል፤ ይህ መያዝና ማምለጥ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። አውታሩ ብቻውን ቢሆን ከክንድ ርቀት የማይሰማ ድምፅ ነበረው፤ አውታሮቹን የተሸከመው ብርኩማ ግን እንቅስቃሴውን ተቀብሎ ወደ ፊቱ ሰሌዳ ያወርደዋል። ከብርኩማው አንደኛ እግር ጥቂት ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ፣ በፊቱና በጀርባው መካከል፣ ከብዕር የማይወፍር ክብ የስፕሩስ እንጨት ያለ ምንም ማጣበቂያ ቆሟል። ይህች እንጨት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብትል፣ አስቀድሞ ጥርት ያለ የነበረው ድምፅ የታፈነ ወይም የሚጮህ ይሆናል። ሠሪው በቫዮሊኑ ፊት በተከፈተችው ቀዳዳ ቀጭን ብረት አግብቶ፣ ወደ ውስጥ እያጮለቀ ያቆማታል፤ ደርዳሪው ይመታል፣ ሠሪው ይሰማል፣ ጥቂት ገፋ ያደርጋታል፣ ደርዳሪው ደግሞ ይመታል። በዚህ ሥራ ግማሽ ቀን ቢያልፍ ማንም አይደነቅም።

ከዚህ የባዕድ ዕቃ ወደ መሰንቆአችን ስንመለስ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መሰንቆም በደጋን የሚመታ ነው፤ እርሱም ብርኩማ አለው፤ የደጋኑም ጭራ ሙጫ ካልነካው አይናገርም። ልዩነቱ የመሰንቆ አውታር አንድ ብቻ መሆኑ፣ ይኸውም ራሱ ከብዙ የፈረስ ጭራ የተሰበሰበ መሆኑ፣ ጣትም አውታሩን በሰሌዳ ላይ ሳይጫን በአየር ላይ እየነካው መጫወቱ፣ በስፕሩሱም ፈንታ የተወጠረ ቆዳ መኖሩ ነው። አንድ የመሰንቆ ሠሪ በአዲስ አበባ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። በማዕዘኑ የሚቆመውን የእንጨት ሳጥን ጨርሶ ጎኖቹን ሲዳብስ ከቈየ በኋላ፣ ውኃ ውስጥ የሰነበተ የፍየል ቆዳ አወጣ፤ ውኃውን ጨምቆ በሳጥኑ ላይ አለበሰው፤ ዳር ዳሩን በጠፍር እየሰፋ፣ አንዱን ማዕዘን ሲስብ ሌላው እንዳይላላ በጉልበቱ እየያዘ ወጠረው። እንዲደርቅም ከፀሐይ አላኖረውም፤ በጥላ አስቀመጠው፤ ፀሐይ ዳሩን ፈጥና አድርቃ መካከሉን ታስቀርበታለችና። ሌላ ቀን ስመለስ ቆዳው ደርቆ ነበር። ሰውየው ጆሮውን አስጠግቶ በጥፍሩ አራቱንም ወገን ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ድምፅ ነበረ። ለእርሱ ግን አልነበረምና፣ የደከመበትን ስፌት ሁሉ ፈትቶ ቆዳውን መልሶ ውኃ ውስጥ ነከረው።

ጣሊያናዊው ወይም ጀርመናዊው ቫዮሊን ሠሪም ገና ያልተጣበቀውን የፊት ሰሌዳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በሌላው እጁ ጣት እያንኳኳ የሚሰማው፣ በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ለመጥ እያደረገ ጥንካሬውን የሚመዝነው ለዚሁ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ መሰንቆ ሠርቶ ያልረካ፣ ፈትቶም እንደ ገና የወጠረ ልጅ የቫዮሊን ትምህርቱን ጀምሯል ብዬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ዝናብ በማይርቀው በዚህ በደጋው አገራችሁ ደግሞ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ሲላላ፣ የመሰንቆው ድምፅ ሲወርድ፣ ደርዳሪው እሳት ዳር ሲያሞቀው ታያላችሁ፤ እንጨትም እንዲሁ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እንጨት ዓመታት ሙሉ ተደርድሮ ሳይደርቅ ቫዮሊን መሆን እንደማይገባው ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። ክሬሞና በሰሜን ጣሊያን በፖ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት አንድርያ አማቲ የተባለው ሊቅ ዛሬ የምናውቀውን የቫዮሊን መልክ አጸና፤ ልጆቹና የልጅ ልጁም ሙያውን ወረሱ። ከእነርሱ በኋላ የተነሣው አንቶንዮ ስትራዲቫሪ እስከ 1737 ድረስ ኖረ፤ ዕድሜው ዘጠና ካለፈ በኋላም መሮውን አላስቀመጠም፤ ከእጁ ሥራ ዛሬም ከ600 የሚበልጥ ዕቃ በዓለም ላይ ይገኛል። ልብ በሉ፤ የዚህ ሰው ዘመን ሲያልፍ፣ ሌላው ታላቅ ሠሪ ጓርኔሪ ዴል ጄሱም በ1744 ሲሞት፣ የከተማይቱ ጥበብ ቀስ በቀስ ደከመ፤ የታላላቆቹ ልጆች ሳይተኩ ቀሩ፣ ክሬሞናም በስሟ ብቻ የምትታወቅ ሆነች። ሙያው ወደ ከተማው የተመለሰው በ1938 የቫዮሊን ሠሪዎች ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ነው። ዛሬ በክሬሞና ከመቶ የሚበልጡ የሥራ ቤቶች አሉ፤ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዩኔስኮ ጥበቡን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ለረጅም ዘመን የደከመ ጥበብ በአንድ ትምህርት ቤት ሲመለስ ማየት፣ ለእኔ ከስትራዲቫሪ ዝና ይልቅ የሚያጽናና ነገር ነው።

ለገዘር ግን ከክሬሞና ይልቅ ሚተንቫልድ ትቀርባታለች። ይህች በጀርመን በባቫርያ ተራሮች ሥር ያለች፣ በስፕሩስ ደን የተከበበች የገጠር ከተማ ናት። በ1653 የተወለደው ማትያስ ክሎትስ ወደ ጣሊያን ወርዶ በፓዱዋ ሠራ፤ ያየውን ይዞ ወደ ተራራው ተመለሰና ልጆቹን አስተማረ፤ ልጆቹም ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ፤ ከዚያም መንደሩ በሙሉ በቫዮሊን የሚተዳደር ሆነ። በ1858 ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ እስከ ዛሬም ያስተምራል። አንድ ሰው ወጣ፣ ተማረ፣ ተመለሰ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከሦስቱ ግን የሚከብደው መመለሱ ነው፤ ተምረው የሚወጡት ልጆቻችን የሚደናቀፉትም በዚህ ላይ ነውና።

ቫዮሊን ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት፣ በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት ታላቅ የሙዚቃ ሰው በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን በኋላም በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተምረዋል። ይህም መምህር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርቷል። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ቫዮሊን ከመሰንቆ፣ ከክራርና ከበገና ጋር በአንድ ግቢ ሲሰጥ ኖሯል፤ እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ሊቅ በዚያ በገና አስተምረዋል። የሚመታ ተምሯል፤ የሚያስተምርም ተገኝቷል። የሚሠራውና የሚጠግነው ግን ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ሆኖ ቀረ፤ ዕቃው ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ፣ ሲሰበርም በሌላ ስለሚለወጥ፣ ከኋላው የሠራው እጅ መኖሩ ተዘነጋ።

ስለ ትምህርቱ ርዝመት ስነግራችሁ አትደንግጡ። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም ተመራቂው በሌላ መምህር የሥራ ቤት ዓመታት ይጨምራል። አንድ ቫዮሊን ለመሥራት 200 ሰዓት ያህል የሥራ ጊዜ ይጠይቃልና ብርቱው ሠሪ እንኳ በዓመት የሚጨርሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ይህ ልማድ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ ድጓውን ይቀጽላል፤ በቀድሞው ሥርዐትም የራሱን ድጓ በራሱ እጅ በብራና ላይ ምልክቱን ሳያጎድል ይጽፍ ነበር። ቆዳውን ነክሮ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ የሚማር ሕዝብ እጅና ልቡና የማይለያዩበትን ትምህርት ያውቃል። ያንን ዕውቀት ለመዝሙር ያዋልነውን ያህል ለእንጨት ሥራ አላዋልነውም፤ ለምን እንዳላዋልነውም መናገር አለብኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ በተወለድሁበት አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ማታ ማታም ቡዳ ነው እያልን ልጆቻችንን ስናስፈራራበት ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ተሰማ፣ ስድቡ ግን አልቀረም። በዚህ በአሪ ምድርም ገበሬው ካንፃ፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው ማና እየተባሉ በጋብቻ ተለያይተው እንደ ኖሩ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የማና ሴት የሠራችውን ድስት ገበያ ወርደን ገዝተን እንበላበታለን፤ እርስዋን ግን ከማዕዳችን አንጠራትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የአሪን ገበሬና አንጥረኛ የዘር ሐረግ የመረመሩ ሊቃውንት ያሳተሙት ጥናት፣ ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የታየውም ልዩነት አንጥረኞቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ ከመኖራቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ከሌላ አገር የመጡ ሌላ ፍጥረት ናቸው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም ማለት ነው። ይህን ያመጣሁት የማንንም ልብ ለማቍሰል አይደለም፤ ክሬሞናና ሚተንቫልድ የቻሉትን እኛ ያልቻልንበት ምክንያት ከእንጨት እጦት ይልቅ ይህ ስለሚመስለኝ ነው። በዚያ አገር የቫዮሊን ሠሪ ልጅ ሙያውን ይወርሳል፤ በእኛ አገር ግን የአንጥረኛ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ከአባቱ ስም ለመሸሽ ይማራል። ሽሽቱም ስለት ማውጣትን፣ ብረትን በቀለሙ ማንበብን፣ እጅን ማሳረፍን ሁሉ ከእርሱ ጋር ይዞ ይሄዳል።

እንጨቱንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቡናችሁን የሚያጠልለው ዋንዛ ለመሰንቆ፣ ለበገናና ለከበሮ ተመራጭ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል። ነገር ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ስማቸውን ጠርቶ ከልክሏል፤ አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም ዛፎቹ እየመነመኑ መሆናቸው አልተለወጠም። ጭንቀቱ የእኛ ብቻም አይደለም፤ የቫዮሊን ደጋን የሚሠራበት የብራዚል እንጨት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ወዲህ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቅ ሆኗል። እንግዲህ ሠሪ መሆን የሚፈልግ ልጅ አስቀድሞ ተካይ መሆን አለበት፤ ከገዛ ጓሮው የወደቀውን ዋንዛ ቢጠቀምም በምትኩ ሌላ ይትከል። ስፕሩስ በአገራችን አይበቅልም፤ እርሱን እንደ ጃፓኑና እንደ ብራዚሉ ሠሪ ተሰንጥቆ የደረቀውን ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው፤ የአንድ ቫዮሊን ፊት ግን ከሁለት ትናንሽ ቁራጮች ተጋጥሞ ስለሚሠራ ለማስመጣት አያዳግትም። ለጀርባውና ለአንገቱ በአገራችን እንጨት መሞከር ይገባል፤ ሞካሪው ግን እንጨቱን መቼ እንደ ቆረጠ ጽፎ፣ ከጭስና ከዝናብ በራቀ ጣራ ሥር ደርድሮ አምስት ዓመት ለመጠበቅ የሚችል ሰው ይሁን።

ወደ ጥያቄአችሁ፣ ወደ እንጀራው፣ ልመለስ። በዓለም ሁሉ አብዛኛው ቫዮሊን ሠሪ የሚኖረው አዲስ በመሥራት ብቻ አይደለም፤ በመጠገንም ነው። የደጋን ጭራ ያረጃል፤ ከ150 እስከ 200 የሚሆን የፈረስ ጭራ ተመርጦ፣ ተበጥሮ፣ እኩል ተወጥሮ መለወጥ አለበት። ብርኩማ ይጎብጣል፤ በአዲስ አበባ የበጋ አየር መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ፊቱ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ አናጢዎቻችን የሚስቱትን ነገር ልንገራችሁ። የተሰነጠቀ ቫዮሊን በገበያው ጠንካራ ኮላ ከተጣበቀ ዳግመኛ ሳይጎዳ አይከፈትም። የጥንቶቹ ሠሪዎች የተጠቀሙበት ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ግን በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ የ300 ዓመት ቫዮሊን እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ብዙ ጊዜ ተከፍቶ፣ ተጠግኖ፣ መልሶ ስለሚዘጋ ነው። ሙጫውን ለመቀቀል የሚያስፈልገው የቆዳ ቍራጭ በየገበያችን ይጣላል። ይህን የሚያውቅ አንድ ወጣት በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ጠረጴዛና መብራት ቢያገኝ፣ መሰንቆና ክራር እየሠራ፣ ቫዮሊን እየጠገነ ይኖራል፤ ባለጠጋ አይሆንም፤ በሙያው ግን ይኖራል። የራሱን ቫዮሊን መሥራት የሚጀምረው የሌሎቹን ከፍቶ ውስጣቸውን ካየ በኋላ ቢሆን መልካም ነው።

ለዘንድሮ የምመክራችሁ ይህ ነው። ለመጀመር የውጭ አገር መሣሪያ አትጠብቁ። ከጂንካ የቅዳሜ ገበያ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ፈልጉና ወደ ገዘር አንጥረኛ ውሰዱት፤ ጎበጥ ያለ መሮና አንድ ጠባብ ካራ እንዲያበጅላችሁ ለምኑት፤ ሲሠራ ግን ዋጋውን ከፍላችሁ አትሂዱ፤ ወናፉን እየነፋችሁ ብረቱ ምን ሲመስል እንደሚመታ፣ ምን ሲመስልም ውኃ ውስጥ እንደሚነከር እርሱ እየነገራችሁ እዩ። ከዚያም ስለቱን በድንጋይ እያወጣችሁ፣ ከደረቀ የዋንዛ ቍራጭ የአንድ መሰንቆ ሳጥን አውጡ፤ በምሳ ሰዓትም የሚቀርበውን ከአንጥረኛው ጋር በአንድ ትሪ ብሉ።